የሰንበት ዕረፍት የማን ነው?

ባለፈው ጥር ወር፣ የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ በዋለው ቅዳሜ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ኮዬ ፈጬ ከሚገኘው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር አንድ ወዳጅ ቤተሰብ ጋብዞኝ ውዬ ነበር። መልካም ዕለት ነበር። ጧት ከመንደሩ ጠርዝ ወጥተን አእዋፍን ተመለከትን፤ ቀትር ላይ በቤት የተሠራ ዶሮ ወጥ በላን፤ ከሰዓት በኋላም በሕንፃዎቹ መካከል በቀረው ሜዳ ላይ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አየን። ወደ ቁምስናዬ ስመለስ ግን ከዚያ ሁሉ ደስታ ይልቅ በማዕድ ላይ የተነገረች አንዲት ቃል ተከትላኝ መጣች። እስከ ዛሬም አልተለየችኝም። ውድ አንባብያን፣ ይህን የምጽፈው ያችን ቃል በሚገባ ሰምቻት እንደ ሆነ ራሴን ለመመርመር ነው።

የቤቱ አባወራ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከወጣው፣ ብዙ ክርክርና ቁጣም ካስነሣው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ደርሷቸው በአራተኛው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ልማድ አበጅተዋል። ከወዳጃቸው በስጦታ ያገኙትን አሮጌ የሩቅ ማያ መነጽር በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ልጆቻቸውን አስከትለው ወፍ ለማየት ይወጣሉ። ጎረቤቶቻቸው በመጀመሪያ መሬት የሚለኩ መሐንዲስ መስለዋቸው ነበር ይባላል። በዚያ አካባቢ በአንገቱ ላይ መሣሪያ አንጠልጥሎ ሜዳ ለሜዳ የሚዞር ሰው የሚያመጣው ነገር ስለሚታወቅ፣ ግምቱ የሚያስገርም አልነበረም።

ለዚህ ሥራ ጥር ምርጥ ወር ነው። የሰሜኑ ዓለም ሕዝብ ክረምት ብሎ የሚፈራው ብርድና በረዶ ለእኛ የበጋ ወራት ነውና፣ ከአውሮጳና ከእስያ እጅግ ብዙ አእዋፍ የስምጥ ሸለቆን ተከትለው ወደ አገራችን ይወርዳሉ። በዓለም ዙሪያ የውኃ አእዋፍ ቆጠራ የሚካሄደውም በዚሁ ወር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለአእዋፍ ከፍተኛ ጠቀሜታ አላቸው ብሎ ከመዘገባቸው ቦታዎች አንዱ ከኮዬ ፈጬ ብዙ የማይርቀው የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የመዲናይቱን እድፍ ሁሉ ተሸክመው የሚገናኙበት ያ ውኃ፣ እምቦጭ እየወረረውና ሽታው እየከበደ እንኳ፣ ከሩቅ ሰሜን ለሚመጡ ዳክዬዎች ማረፊያ ከመሆን አልተቋረጠም። እኛ በውኃው ላይ ያደረግነውን ሳስብ የእነርሱ ታማኝነት ያሳፍረኛል።

በዚያ ጧት እስከ ግድቡ አልሄድንም። የመጨረሻዎቹን ሕንፃዎች አልፈን ገና ካልታረሰው የመረሬ መሬት ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ጤፉ ታጭዶ ተወቅቷል፤ ሽምብራው በየቦታው ቀርቷል። ጋጋኖዎች ቆልማማ አፋቸውን በአፈሩ ውስጥ እየሰኩ ትል ይፈልጋሉ፤ ሲነሡም ያ ሻካራ ጩኸታቸው የተኛውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ይህ ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር እንደማይገኝ መምህሩ ሲነግሩኝ ደነገጥሁ፤ በየቤተ ክርስቲያናችን ዛፍ ላይ ስለሚያድር የትም ያለ ይመስለኝ ነበር። ነጫጭ ሳቢሳዎች ከከብቶቹ እግር ሥር ይራመዳሉ። በመካከላቸውም ክብደቷ ሃያ ግራም ያህል የሆነ፣ ጅራቷን ያለ ዕረፍት የምትነቀንቅ ቢጫ ወፍ ትሯሯጣለች። ይህች ፍጡር የተወለደችው ምናልባት በሩስያ መስክ ላይ ነው። በረሃውንና ባሕሩን ተሻግራ እዚህ የደረሰችው ያለ መንገድ መሪ ነው።

ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ከወደ ቢሾፍቱ በኩል መለከት የመሰለ ድምፅ ሰማን። ቀና ስንል ክሬን የተባሉት አንገተ ረጃጅም ግራጫ ወፎች በሰልፍ ሆነው ያልፉ ነበር። እነዚህም የሰሜን እንግዶች ናቸው፤ በቢሾፍቱ አጠገብ ባለው የጨለለቃ ረግረግና በጣና ዙሪያ በብዛት ይከርማሉ፤ ቀን ቀን ከታጨደው ማሳ ላይ የወደቀውን እህል ይለቅማሉ። የመምህሩ ታናሽ ልጅ ሠላሳ ሰባት ቆጠረ፤ ታላቁ አርባ አንድ አለ። እኔ መቁጠሩን ረስቼ አፌን ከፍቼ ቀርቼ ነበር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን ወደ ሰማይ አእዋፍ እንድንመለከት ማዘዙን ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! ትእዛዙን በቃሉ መሠረት ፈጽሜ፣ ቆሜ የተመለከትሁት ግን በዚያ ቀን ይመስለኛል።

ስንመለስ በመንደሩ መግቢያ ላይ ከዘበኛው ጋር ቆመን ተጨዋወትን። ኦቦ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት ናቸው፤ የመንደሩ ነዋሪ ሁሉ ያከብራቸዋል። የተወለዱት ከሚጠብቁት ሕንፃ ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው። አሁን ሕንፃዎቹ የቆሙበት መሬት የጤፍ፣ የስንዴና የሽምብራ እርሻ ሆኖ ያውቁታል። ልጆቹ ያዩትን ወፍ ሁሉ ሲዘረዝሩላቸው ፈገግ እያሉ ሰሙና፣ የእያንዳንዱን ስም በኦሮምኛ ነገሯቸው። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «አባ፣ እኔም ልጅ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ወፍ ስመለከት ነው ያደግሁት። የምመለከታት ግን በወንጭፍ ላባርራት ነበር። ዓይኔን ካነሣሁ እህሉ አለቀ።»

ስለዚህ ነገር በኋላ ብዙ አሰብሁ። የአእዋፍን ስም ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ሰው ለደስታ ብሎ ተመልክቷቸው አያውቅም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ጋጋኖና ሳቢሳ በስም የተጠቀሱት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11፣ ከማይበሉት መካከል መሆኑ ትዝ አለኝ። ሰው ለፍጥረት ስም የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሊበላው፣ ሊያባርረው ወይም ሊከለከለው ነው። እንዲሁ ለማየት ብቻ የሚወጣ ሰው ከኋላው የሚሸከመው ሌላ ሰው ይኖረዋል። ኦቦ በዚያ ቅዳሜም በበሩ ላይ ነበሩ፤ በማግሥቱ እሑድም እንዲሁ።

ወደ ቤት ስንገባ ደረጃው ላይ ገና ሳለን የወጡ ሽታ ተቀበለን። ዶሮ ወጥ ምን ያህል ሥራ እንዳለው የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ግን አብዛኛው በላተኛ ነው፤ እኔም ከእነዚሁ ነኝ። የቤቱ እመቤት ሌሊት በአሥር ሰዓት ተነሥተው ነበር። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በመጣችበት ሰዓት በርሜሉን መሙላት አለባቸው፤ ወደ አራተኛው ፎቅ ካልወጣች ደግሞ ከታች በጀሪካን መቅዳት ነው። ከዚያ መብራት ሳይጠፋ እንጀራውን በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋገሩ። ሽንኩርቱን ከትፈው፣ ያለ ዘይት በደረቁ እያማሰሉ ለረጅም ሰዓት አቁላሉ። ዶሮዋን በመንደሩ ለእርድና ለመሰል ሥራ ተብሎ በተሠራው የጋራ ቤት አባወራው ባርከዋታል፤ ድርሻቸውም በዚሁ አበቃ። የቀረውን፣ መለብለቡን፣ በዐሥራ ሁለት ብልት ማውጣቱን፣ በጨውና በሎሚ ደጋግሞ ማጠቡን፣ በርበሬውን ማብሰሉን፣ ቅቤውንና መከለሻውን በሰዓቱ መጨመሩን እመቤቲቱና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ሠርተውታል። እኛ ጋጋኖ ስንመለከት ማለት ነው።

ባርኬ ቀመስን። ወጡ እጅግ ግሩም ነበር። እኔም እንደ ልማዳችን ምስጋናዬን አበዛሁ፤ መምህሩንም ቅዳሜያቸውን ከልጆቻቸው ጋር በመልካም ነገር ስለሚያሳልፉ አመሰገንኋቸው። ያን ጊዜ እመቤቲቱ ጭልፋውን ይዘው ቆመው ሳለ፣ በሳቅ እንዲህ አሉኝ፦ «አባ፣ ባለፈው ስለ ሰንበት ዕረፍት የሰጡት ስብከት ለባለቤቴ በጣም ጠቅሞታል፤ ይኸው ከቤት መውጣት ጀመረ። ለእኔ ግን ሥራ ጨመረብኝ። ከመስክ ርቧቸው ነው የሚመለሱት።»

ሁላችን ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ስብከቱን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ሰው ማሽን አይደለም፣ ቤተሰብ አብሮ የሚሆንበት ቀን ያስፈልገዋል፣ ዕረፍት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እያልሁ ግማሽ ሰዓት ተናግሬ ነበር። አንዲትም ቃል ሐሰት አልነበረባትም። ነገር ግን ያ ቃል በአራተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላይቱ ተጨማሪ ሸክም ሆነ።

ከምሳ በኋላ ልጆቹ ወደ ሜዳው ወረዱ። ሜዳ የምለው ምናልባት ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለአትክልት ታስቦ የቀረ አቧራማ ቦታ ነው፤ ግቡ ሁለት ድንጋይ ነው። ሽማግሌዎች በግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያያሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ የእንግሊዝን ሊግ በዲኤስቲቪ ወደሚያሳዩት ቤቶች ከመግባታቸው በፊት ትንሽ ቆመው ይተቻሉ። በዚህ ወር ስለ ኳስ ሲነገር ከአዛውንቱ አንዱ 1954 ዓ.ምን ማንሣቱ አይቀርም። ጥር 13 ቀን፣ ዕለተ እሑድ፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ቡድናችን ከዐረብ ግብጽ ጋር ተጋጥሞ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደበት ቀን ነው። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ፤ የመጨረሻዋን ግብ መንግሥቱ ወርቁ አገባ። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው አልተመለሰም። ጨዋታ ከንቱ ነገር ነው የሚል ሰው ያንን እሑድ ከሚያስታውስ አዛውንት ጋር አንድ ሰዓት ይቀመጥ።

በመጀመሪያው አጋማሽ የመምህሩ ሁለቱ ወንዶች ልጆች ተጫወቱ። ሴት ልጃቸው የደረሰችው ሁለተኛው ሲጀመር ነው። እጇ ገና እርጥብ ነበር። ስትገባ ጨዋታው ተለወጠ፤ ከወንድሞቿ ይልቅ እርስዋ ትችላለች፤ ይህን እነርሱም አይክዱም። ከዱራሜ ተነሥታ እስከ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ የተጫወተችውን ሎዛ አበራን ትወዳለች። ጨዋታው ሲያልቅ ጠርቼ «ልጄ፣ ከመጀመሪያው ለምን አልገባሽም?» አልኋት። «ሳህን እያጠብሁ ነበር፣ አባ» አለችኝ። «ባለፈው ሳምንትስ?» «ሁልጊዜ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ነው የምገባው።» ቅሬታ በድምፅዋ አልነበረም። የሰፈሩ ልጆችም እንደ ሕግ ለምደውት፣ ቡድን ሲከፍሉ እርስዋን «የሁለተኛው አጋማሽ» ብለው ይመድቧታል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የአንዱ ዕረፍት በሌላው ድካም ላይ የቆመ ሲሆን ዕረፍት ተብሎ ይጠራልን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የግሪክ ፈላስፎች ዕረፍትን ከሥራ በላይ አክብረው ነበር፤ በአውሮጳ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት የሚጠራበት ስም እንኳ ዕረፍት ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ነገር ግን ያ የአሰላስሎ ዕረፍት በባሪያዎች ትከሻ ላይ የተመቻቸ ነበር። አርስጣጣሊስ በፖለቲካ መጽሐፉ የሸማኔው መወርወሪያ በራሱ የሚሸምን ቢሆን ኖሮ ጌቶች ባሪያ ባላስፈለጋቸው እንደ ነበር ጽፏል። ነገሩን አይቶታል ማለት ነው፤ አይቶ ግን አለፈው። በእኛ ዘመን ዮሴፍ ፒፐር የተባለው ጀርመናዊ ካቶሊካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ዝነኛ ድርሰቱ፣ ዕረፍት ለነገ ሥራ ጉልበት መሰብሰቢያ ብቻ ሳይሆን ነፍስ ዝም ብላ ያለውን ነገር የምትቀበልበት ሁኔታ መሆኑን አስተምሯል። በዘርዓ ክህነት ሳለሁ ሐሳቡን ወድጄው ነበር፤ ክሬኖቹ ሲያልፉም የተሰማኝ ይኸው ነው። ሆኖም በዚያች ደቂቃ ሽንኩርቱን ማን ያማስል እንደ ነበር ፒፐርም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሕጉ ራሱ ግን ይጠይቃል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ያለውን የሰንበት ትእዛዝ ቀስ ብሎ ያነበበ ሰው፣ ትእዛዙ የሚደክመው «ዕረፍ» በማለት ብቻ እንዳልሆነ ያያል። ማን ማን እንደሚያርፍ አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ ሎሌው፣ ገረዲቱ፣ በሬው፣ አህያው፣ በደጅ ያለው መጻተኛ። ዘዳግም ምክንያቱንም ያክላል፤ እስራኤል በግብጽ ባሪያ እንደ ነበረ እንዲያስታውስ ነው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ግን ሚስት በስም አልተጠቀሰችም። ሊቃውንት ይህን ሲያብራሩ፣ ትእዛዙ የሚናገረው ለባልና ለሚስት በአንድነት ስለ ሆነ እርስዋ «አንተ» በተባለው ውስጥ አለች ይላሉ። ፍቺው መልካም ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። በቤታችን ግን ሚስት «አንተ» በሚለው ውስጥም አልገባችም፤ ከበሬውና ከአህያው ዝርዝርም ወጥታለች። በአገራችን ደግሞ ቀዳሚትም እሑድም ሰንበት ናቸው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ ሁለቱን አጽንቷል። ሁለት ሰንበት ባላት አገር አንዱን እንኳ የምታርፍ እናት ስንት አለች?

አንዳንድ አንባቢ በዚህ ላይ ይቃወመኝ ይሆናል፤ ተቃውሞውንም አላቃልለውም። ለሚወዱት ማብሰል ሸክም አይደለም፣ ፍቅር ነው ይላል። እውነት ነው። እመቤቲቱ ራሳቸው ባልየው ጭልፋውን ቢነኩባቸው የሚቀየሙ ናቸው፤ በወጣቸው ይኮራሉ፤ ሊኮሩም ይገባል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ ማርታና ስለ ማርያም የተጻፈውን እያነሣን የምትሠራዋን ሴት መገሠጽ እኛ ካህናት የለመድነው ነገር ነው፤ ማርታን የገሠጽን ስንቶቻችን ከማርታ ማዕድ ተነሥተን ሳህን አጠብን? በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ማርታ እንደ ገና ስታገለግል እናያለን፤ ያን ጊዜ ማንም አልገሠጻትም። ስለዚህ ክፉው ማብሰሉ አይደለም። ፍቅር የፈቀደው ሥራና ልማድ የጫነው ሥራ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ሠሪው «ዛሬስ አልችልም» ለማለት መቻሉ ነው። እመቤቲቱ በዚያ ቅዳሜ አልችልም ቢሉ ምን እንበላ እንደ ነበር ማናችንም አላሰብንም።

ሌላው ደግሞ፣ እንዲህ ከሆነ ወፍ ማየቱም ኳሱም ይቅር፣ ሰው ሁሉ እኩል ይድከም ይለኛል። ይህንንም አልቀበለውም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ በሱማ ቴዎሎጊካ ሁለተኛ ክፍል ሁለተኛ ንዑስ ክፍል፣ በጥያቄ 168 ላይ፣ ጨዋታ በልኩ ሲሆን የበጎ ምግባር ወገን መሆኑን ያስረዳል፤ ነፍስም እንደ ሥጋ ትደክማለችና። ለዚህም የሐዋርያው ዮሐንስን ታሪክ ይጠቅሳል። ታሪኩን ቀድሞ የጻፈው ዮሐንስ ካስያን እንደሚለው፣ ሐዋርያው አንዲት ቆቅ በእጁ ይዞ ሲደባብስ አንድ አዳኝ አይቶ ይህን የመሰለ ታላቅ ሰው እንዴት በዚህ ይጫወታል ብሎ ተደነቀ። ሐዋርያውም በእጁ ያለውን ቀስት ሁልጊዜ ወጥሮ እንደሚይዘው ጠየቀው፤ አዳኙ ቀስቱ ዘወትር ቢወጠር ኃይሉ እንደሚጠፋ ሲመልስ፣ የሰውም ልብ እንዲሁ ነው አለው። ቆቋ ስለ ጉዳዩ ምን እንደተሰማት ታሪኩ አይነግረንም። ቢሆንም ትምህርቱ እውነት ነው። መምህሩ ሳምንቱን ሁሉ በብዙ ተማሪዎች ፊት ሲናገሩ የሚውሉ ሰው ናቸው፤ ያ መነጽር ለእርሳቸው መድኃኒት ነው፤ ልጆቻቸውም አባታቸውን ያገኙት በመስክ ላይ ነው። ያንን መንጠቅ ማንንም አያሳርፍም።

የዘበኛው ነገር ከዚህ ይልቅ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም በእርሳቸው ላይ የቤተሰብ ፍቅር እንኳ ማስተባበያ አይሆነንም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ባወጡት መልእክት የሰንበት ዕረፍት ለሠራተኛ መብቱ መሆኑን ተናግረዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ጌታ ቀን በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ይህንኑ አጽንተዋል። የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ደግሞ በአስፈላጊ ሥራ ምክንያት በሰንበት የሚሠሩ መኖራቸውን ተቀብሎ፣ ለእነርሱ በቂ የዕረፍት ጊዜ የመስጠትን ግዴታ በሁሉ ላይ ይጥላል። ዘበኛ ያስፈልጋል፤ ይህን ማንም አይክድም። በዚያ መንደር ያለው ግን አንድ ዘበኛ ነው፤ ሁለተኛ ቢቀጠር እያንዳንዱ ቤት የሚያዋጣው ወርኃዊ ክፍያ ይጨምራል። ስለዚህ እኛ በሰላም ተኝተን የምናድርበትና በሰላም ወፍ የምናይበት ዋጋ በአንድ አዛውንት ላይ ተጥሏል፤ ያውም እኛ ቤት ከሠራንበት መሬት ላይ ወፍ ሲያባርሩ ባደጉ አዛውንት ላይ።

ስለ ሌሎች ቤት ይህን ያህል ከተናገርሁ ስለ ራሴም ልናገር። በቁምስናችን ምግብ የምታበስልልን እህት አለች። እሑድ እንግዳ ስለሚበዛ ሥራዋ በዚያ ቀን ይበረታል። ከዓመታት በፊት ዕረፍትዋን ሰኞ አድርጌላት ነበር፤ እኔም ፍትሐዊ ሰው የሆንሁ መስሎኝ ኖርሁ። ከኮዬ ፈጬ በተመለስሁ በማግሥቱ ሰኞ ምን እንደምታደርግ ጠየቅኋት። ሰኞ የሳምንቱን እንጀራ ትጋግራለች። የጠየቅኋት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። አሁን ሰኞ ከውጭ እንጀራ እንገዛለን፤ እሑድ ማታም የተረፈውን የምናሞቀው እኛው ነን። ከሁለቱ ወጣት ካህናት አንዱ በሽሮ ጥሩ እጅ እንዳለው ታውቋል፤ ስለ እኔ ግን ባይነሣ ይሻላል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ቤት ተመለስሁ። መምህሩ ነገሩን በልባቸው አኑረውት ኖሯል። ለቅዳሜ ምሳ ዶሮ ወጥ ቀርቶ ሽሮና ጎመን እንዲሆን፣ ሽንኩርቱም ዐርብ ማታ በወንዶቹ እንዲከተፍ ተስማምተዋል። እመቤቲቱ በዚያ ጧት አብረውን ወጡ። መነጽሩን ሲያነሡ መጀመሪያ ያዩት ወፍ ሳይሆን የራሳቸውን መስኮት ነበር፤ ምድጃውን ማጥፋታቸውን ተጠራጥረው። ኋላ ያችን ጅራተ ነቅናቃ ቢጫ ወፍ ካገኟት በኋላ ግን መነጽሩን ለማንም አልሰጡም፤ መምህሩ ሁለት ጊዜ ለምነው ተከለከሉ። የተበላው ሽሮ ትንሽ አርሮ ነበር። በሜዳውም ላይ ልጅቷ ከመጀመሪያው ደቂቃ ገባች፤ ታላቅ ወንድሟ ሳህኑን አጥቦ ሲደርስ ቡድናቸው 2 ለ 0 ይመራ ነበርና የሚገባበት ቦታ አጥቶ ከግንቡ ጥላ ሥር ከእኛ ጋር ተቀመጠ።

ኦቦ ግን ያን ቀንም በበሩ ላይ ነበሩ። የሁለተኛው ዘበኛ ነገር በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በመምህሩ ተነሥቶ፣ ክፍያው ይበዛል በሚሉና ተገቢ ነው በሚሉ መካከል ሳይቋጭ ቀርቷል። ቀጣዩ ስብሰባ ለየካቲት መጨረሻ ተቀጥሯል፤ ክሬኖቹ ወደ ሰሜን መመለስ በሚጀምሩበት ሰሞን።